ከተረጋጋ የአይቲ ሥራ ወደ ስታርትአፕ (ጀማሪ ድርጅት) ወይም ወደ ሪሞት (ከቤት ሆኖ በርቀት የሚሠራ ሥራ)፦ መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል የሚሠራ ዴቨሎፐር ሌላ ድርጅት ሲጠራው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ «ባንክ ትተህ የት ልትሄድ?» ይለዋል። ሁለቱም ወገን ሳይመዝን ይከራከራል። ይህ መመሪያ ሁለቱን ሥራዎች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ነው። የሚያስፈልግዎት የቅጥር ውልዎ፣ የቅርብ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሠራተኛ ብድር ካለብዎት የብድር ውሉ፣ የድርጅቱ ኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙት) እና አዲሱ ድርጅት በጽሑፍ የላከው ኦፈር ነው። በቃል የተነገረ ኦፈር አይመዘንም፤ በጽሑፍ እስኪመጣ ይጠብቁ።

መረጋጋት የምንለው ነገር ሦስት ክፍል አለው፦ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ሥራው ቢቋረጥ ሕጉና ውሉ ምን እንደሚሰጥዎት፣ ሌላ ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅብዎት። የድርጅቱ ስም ትልቅ መሆኑ ከሦስቱ አንዱንም አይነግርዎትም። ሜታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኛ ሲያሰናብት፣ ጉግልም ከሁለት ወር በኋላ 12,000 ያህል ሰው ሲቀንስ በዓለም ላይ ካሉት ሀብታም ድርጅቶች ተርታ ነበሩ።

1. አሁን ያለው ሥራ በእውነት ስንት እንደሚከፍል ያስሉ

ጥቅል ደመወዝን ከጥቅል ደመወዝ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። መጀመሪያ እጅ የሚገባውን ያውጡ። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወር ደመወዝን እንዲህ ይከፋፍለዋል፦ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ደመወዝዎ ከ14,000 ካለፈ አቋራጩ ቀላል ነው፤ በ0.35 ያባዙና 2,050 ይቀንሱ።

የ40,000 ብር ደመወዝን እንውሰድ። ግብሩ 11,950 ብር ነው። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ስለሆነ 2,800 ብር ይወጣል። እጅ የሚገባው 25,250 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ በስምዎ 11 በመቶ፣ ማለትም 4,400 ብር፣ ለጡረታ ያስገባል። ይህ ገንዘብ ኪስ ስለማይገባ ይረሳል፤ ኮንትራክተር (ሳይቀጠር በውል በራሱ የሚሠራ ሰው) ሲሆኑ ግን ይቀርብዎታል፤ ስለዚህ ይደምሩት።

ቀጥሎ ጥቅማጥቅሙን ወደ ወር ይመልሱት። ዓመታዊ ቦነስ ሁለት ወር ደመወዝ ከሆነ 80,000 ብር ነው፤ 35 በመቶ ግብር ተቀንሶ ለ12 ሲካፈል በወር 4,333 ብር ይሆናል። ለቤተሰብ የሚሸፈን ሕክምና ካለ፣ ባለፈው ዓመት ድርጅቱ የከፈለልዎትን ደምረው ለ12 ያካፍሉ፤ እዚህ 2,000 ብር ብለን እንያዝ።

የባንክ ሠራተኛን ከሁሉ በላይ የሚይዘው የሠራተኛ ብድር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ለቤትና ለመኪና ከገበያው በታች በሆነ ወለድ ያበድራሉ። ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ ወደ ገበያ ተመን ይቀየራል፤ አንዳንዱ ውል ደግሞ ቀሪውን ዕዳ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲከፍሉ ያስገድዳል። የብድር ውሉን ያውጡና «የሥራ ውል ሲቋረጥ» የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። ለምሳሌ ቀሪው ዕዳ 2,000,000 ብር ቢሆንና ወለዱ ከ7 ወደ 17 በመቶ ቢያድግ፣ የመጀመሪያው ዓመት የወለድ ልዩነት ብቻ 200,000 ብር ገደማ ነው፤ በወር 16,667 ብር።

ሁሉም ሲደመር፦ 25,250 + 4,400 + 4,333 + 2,000 + 16,667 = 52,650 ብር። የዚህ ሰው ሥራ በወር በእውነት የሚሰጠው ይህ ነው።

አሁን በ60,000 ብር የሚጠራውን ስታርትአፕ እንየው። ጭማሪው 50 በመቶ ነው፤ ሲሰሙት ያጓጓል። ግብሩ 18,950፣ ጡረታው 4,200 ስለሆነ እጅ የሚገባው 36,850 ብር ነው። የአሠሪው ጡረታ 6,600 ብር ሲጨመር 43,450 ይሆናል። ብድር ላለበት ሰው ይህ ለውጥ በወር 9,200 ብር ኪሳራ ነው። ብድር የሌለበት ግን የአሁኑ ሥራው 35,983 ብር ስለሚያወጣ 7,467 ብር ያተርፋል። አንድ ኦፈር ለሁለት ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ባልደረቦች የተለያየ መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህ በጓደኛ ውሳኔ አይሂዱ።

2. ደመወዝዎን የሚከፍለውን ገንዘብ ምንጩ ድረስ ይከተሉ

በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል ዝም ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። በጨዋ ቋንቋ እነዚህን ይጠይቁ፦ ዋና ገቢያችሁ ከየት ነው? ትልቁ ደንበኛ ከገቢው ስንት እጁን ይይዛል? አሁን ባለው ገንዘብ ስንት ወር መቆየት ትችላላችሁ? ባለፈው ዓመት ደመወዝ የዘገየበት ወር ነበር? ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? መልሱን ብቻ ሳይሆን የሚመልሰውን ሰው ሁኔታም ያስተውሉ። ስንት ወር እንደሚቆዩ የማያውቅ መሥራች ወይ ሒሳቡን አልሠራም፣ ወይ ሊነግርዎት አይፈልግም። ሁለቱም መልስ ነው።

ምንጩ ከአራት በአንዱ ይወድቃል። ከሚከፍሉ ብዙ ደንበኞች የሚኖር ድርጅት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ አንዱ ደንበኛ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። በባለሀብት ገንዘብ የሚኖር ድርጅት ገንዘቡ እስካለ ድረስ ጥሩ ይከፍላል፤ ከ12 ወር በታች የቀረው ከሆነ ግን እርስዎ የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው ሳይደላደሉ ቅነሳ ሊጀምር ይችላል። በጨረታ የሚኖር ድርጅት የደመወዝ ችግሩ መዘግየት ነው፤ መንግሥታዊ ክፍያ እስኪለቀቅ ወራት ስለሚወስድ፣ ያሸነፈ ድርጅት ጭምር ለሠራተኛው መክፈል ያቅተዋል። አራተኛው የዕርዳታ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን በአንድ ትእዛዝ ሲያግድ፣ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ይሠራ የነበረ ሰው ሥራው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊያድነው አልቻለም። እንዲህ ያለ ቦታ ከተጠሩ የፕሮጀክቱን ማብቂያ ቀን ይጠይቁና ውልዎን ከዚያ ቀን ጋር ያስተያዩ።

ባንክም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን ቢያንስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. የጊዜ ገደብ ሰጥቶ ነበር፤ ዘርፉም በ2017 ዓ.ም. በወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች ተከፍቷል። ሁለት ባንክ ሲዋሐድ ሁለት ኮር ባንኪንግ ሲስተም (የባንኩን ሒሳብ ሁሉ የሚይዝ ዋና ሶፍትዌር) አይኖርም፤ አንዱ ይቀራል፤ የሚቀረውን የማያውቅ ቡድን ይጨነቃል። ትንሽ ባንክ ውስጥ ካሉ የባንክዎን የዓመት ሪፖርት አውጥተው ካፒታሉን ይመልከቱ። ለባለአክሲዮኖች የሚታተም ስለሆነ ሚስጥር አይደለም።

3. የትኛው ሕግ ከለላ እንደሚሰጥዎት ይለዩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁሉንም ሰው አይሸፍንም። ፊርማ ከማኖርዎ በፊት ከሚከተሉት የትኛው እንደሆኑ ይወቁ።

ቋሚ ሠራተኛ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ከተባሉ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበቱ ይችላሉ። ሥራ የሚቀይር ሰው ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው በእነዚህ 60 ቀናት ነው፤ አሮጌውን ሥራ ትቷል፣ አዲሱ ገና አልያዘውም። ለዚህ ነው የጥሪት ገንዘብ የሚያስፈልገው።

የተወሰነ ጊዜ ውል። ሕጉ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ግን ዘርዝሯል። «ለአንድ ዓመት፣ የሚታደስ» የሚል ውል ለቋሚ የሥራ መደብ ከቀረበልዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

የሥራ መሪ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል፤ ከለላውም ያነሰ ነው። «ቲም ሊድ» (የቡድን መሪ) ወይም «ሲቲኦ» (የቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ) የሚል ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም፤ የሚወስነው በጽሑፍ የተሰጠው ሥልጣን ነው። ስለዚህ ከዕድገት ጋር የሚመጣውን የሥራ መዘርዝር በጥንቃቄ ያንብቡ። ሥልጣኑን ከተቀበሉ ለከለላው ምትክ ይደራደሩ፦ የሦስት ወይም የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ በውሉ ውስጥ ይግባልዎት።

ኮንትራክተር። በራሱ ኃላፊነት የራሱን የሙያ ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው በአዋጁ ሠራተኛ አይባልም። የውጭ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው የሚልኩት ውል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ውል የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ የለም። ያለው ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

4. ነገ ቢያሰናብቱኝ ስንት እወስዳለሁ?

ይህ ጥያቄ ለሁለቱም ሥራዎች በብር መመለስ አለበት። ቋሚ ሠራተኛ በሠራተኛ ቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ምክንያት ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። 40,000 ብር ለሚከፈለው፣ አራት ዓመት ለሠራ ሰው፦ 40,000 + (3 × 13,333) = 80,000 ገደማ፣ ሌላ 80,000፣ በድምሩ 160,000 ብር ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይለወጣል።

ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ ግን የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር በመታገሥ የሚያገኘውን ይመልከት፦ አምስት ዓመት ሲሞላ 40,000 + (4 × 13,333)፣ ወደ 93,000 ብር። አዲሱን ድርጅት ሁለት ወር እንዲጠብቅ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ቅነሳ ሲመጣ ሕጉ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ላላቸው ቅድሚያ ይሰጣል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ አጭር ጊዜ ያገለገለው ቀድሞ ይወጣል። ሥራ ሲቀይሩ ያጠራቀሙት የአገልግሎት ዘመን ዜሮ ላይ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ በሦስት ዓመት የቀየረ ሰው በሄደበት ሁሉ በሰልፉ ጫፍ ላይ የሚቆም ነው።

የጡረታ አገልግሎት ግን ከድርጅት ድርጅት ይደመራል። ለጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ የጡረታ መለያ ቁጥርዎ ወደ አዲሱ ድርጅት መዛወሩን ያረጋግጡ። ድርጅትዎ ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛና አሠሪ የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ) ካለው፣ የአሠሪውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ለመውሰድ ስንት ዓመት እንደሚጠይቅ ከመተዳደሪያ ደንቡ ያንብቡ።

5. ሪሞት ሥራ ከሆነ

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በወር 1,200 ዶላር የሚከፍል የኮንትራት ሥራ መጣ እንበል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን በ150 ብር እናስላ፤ 180,000 ብር። አንድ ሰው ይህን ከ25,250 ጋር አወዳድሮ ሰባት እጥፍ ነው ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ይቁም፤ ይቀንስ። ለማስተላለፊያ 2 በመቶ፣ 3,600 ብር። ለግብር በጥንቃቄ 35 በመቶ፣ 63,000 ብር ለብቻው ይቀመጥ፤ የንግድ ፈቃድና የግብር አከፋፈል ሒሳብ አዋቂ ያማክሩ፤ ኋላ ከቅጣት ጋር ከሚመጣ ዕዳ ዛሬ መክፈል ይሻላል። የቀረው 113,400 ነው። በዓመት አንድ ወር ያህል ዕረፍት፣ ሕመምና በዓል ያለ ክፍያ ያልፋል፤ ለዚህ 9,450 ይቀነስ። ለራስ ጡረታና ለሕክምና 10,000፣ ለኢንተርኔት፣ ለመብራት መጠባበቂያና ለላፕቶፕ 5,000 ይቀነስ። የሚቀረው 88,950 ብር ነው።

ብድር ካለበት የባንክ ሥራ (52,650) ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በወር 36,300 ብር ነው። አሁን ወሳኙን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ውሉ ስንት ወር ቢቆይ ነው የማልከስረው? ውሉ ተቋርጦ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ስድስት ወር ይፈጃል ብለው ያስቡ። በስድስቱ ወር የሚያጡት የአሮጌው ሥራ ዋጋ 315,900 ብር ነው። ለ36,300 ሲካፈል 8.7 ይመጣል። ውሉ ዘጠኝ ወር ከቆየ፣ ከዚያ ስድስት ወር ሥራ ፈተው ቢቀመጡ እንኳ ባንክ ከመቆየት አልከሰሩም። ይህ የሚሠራው ግን ልዩነቱን በየወሩ ካስቀመጡት ነው። የኑሮ ደረጃቸውን ወዲያው ከዶላሩ ጋር የሚያሳድጉ ሰዎች በአሥረኛው ወር ከዜሮ ይጀምራሉ። የራስዎን ቁጥሮች ተክተው ስሌቱን ይድገሙት፤ የሚመጣው ከ18 ወር በላይ ከሆነ ሥራው ከመዝለል ይልቅ ለድርድር የሚሆን ነው።

ውሉ ላይ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ስንት ቀን ነው? «በማንኛውም ጊዜ» የሚል ካለ 30 ቀን እንዲሆን ይጠይቁ፤ ብዙዎች ይስማማሉ። ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) በስንት ቀን ይከፈላል? በ30 ቀን ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ ሥራ ከጀመሩ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ክርክር ቢነሣ የየት አገር ሕግ ይገዛዋል? የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሕግ ከተጻፈ፣ የአንድ ወር ክፍያ ለማስመለስ እዚያ መክሰስ አያዋጣም፤ ስለዚህ ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን ማድረግ ከማንኛውም አንቀጽ የተሻለ መከላከያ ነው። ከመልቀቅዎ በፊትም ትንሽ ገንዘብ፣ 50 ዶላር ያህል፣ በታሰበው መንገድ እንዲላክልዎት ያድርጉና ባንክዎ ውስጥ ሲገባ ይዩት። ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ ሳይሞከር ሥራ መልቀቅ አይገባም።

ምንዛሪውም በሁለት በኩል ይታይ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ተጠቀመ፤ በብር የሚከፈለው የመግዛት አቅሙን አጣ። ነገር ግን ዕቅድዎ ብሩ ይወድቃል በሚል ግምት ላይ ብቻ ከቆመ ደካማ ነው። ዛሬ ባለው ተመን አዋጭ መሆን አለበት።

ሰዓቱን ይቁጠሩ። ኒውዮርክ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲባል አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ ከሆነ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ጀርመን ግን የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነት ብቻ አላት። ከካሊፎርኒያ ቡድን ጋር ሙሉ ሰዓት መደራረብ የሚጠይቅ ሥራ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ያስመሻል። ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ይህን አንድ ዓመት የሚሸከመው በስምምነት ነው፤ አስቀድመው ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። «በቀን ለሦስት ሰዓት ብቻ ልደራረብ» ብሎ መደራደር የተለመደ ነው።

መስመሩም ሁለት ይሁን፤ የቤት ፋይበር ከአንዱ፣ የሞባይል ዳታ ከሌላው ኦፕሬተር። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ በትንሽ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት ይቆያል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል የቆየበትን ጊዜ ማስታወስ ተገቢ ነው። ውሉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መስመር ቢቋረጥ ወዲያው እንደማይሰረዝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑረው።

አሜሪካ ላሉ ሰዎች ሚዛኑ ሌላ ነው። በኤች-ዋን-ቢ (ከአሠሪ ጋር በተያያዘ የሥራ) ቪዛ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም ሁኔታውን ለመቀየር እስከ 60 ቀን ብቻ አለው፤ ለእሱ መረጋጋት ማለት በ60 ቀን ውስጥ ቀጣሪ የማግኘት ዕድል ነው። በዲቪ ግሪን ካርድ የገባ ሰው በአሠሪ ስላልታሰረ በስታርትአፕ ሊደፍር ይችላል። የአክሲዮን ስጦታ የተለመደው ውል አራት ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው ድርሻ የሚገኘው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው፤ በአሥራ አንደኛው ወር የወጣ ምንም አይወስድም። ኦፕሽን (አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት) ከሆነ ደግሞ ከወጡ በኋላ ብዙ ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ ከፍለው ካልገዙት ይጠፋል፤ የመግዣውን ገንዘብ አስቀድመው ይወቁ።

6. ሌላ ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅብዎት ይለኩ

ይህን በግምት አይተዉት። ሥራ ላይ እያሉ፣ ለመልቀቅ ባያስቡም እንኳ፣ ለሚመጥኑዎት 10 ቦታዎች ያመልክቱና ስንቱ ለቃለ መጠይቅ እንደጠራዎት ይቁጠሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ገበያው ያውቅዎታል፤ የጥሪት ገንዘብዎ የሦስት ወይም የአራት ወር ወጪ ቢሆን ይበቃል። አንድም ካልጠራዎት ችግሩ ሲቪው ወይም የሥራው ዓይነት ነውና፣ ሳያስተካክሉ መዝለል አደገኛ ነው፤ ቢያንስ የስምንት ወር ወጪ ያስፈልግዎታል።

የሙያው ተንቀሳቃሽነት እዚህ ላይ ይገባል። ባንኩ ራሱ በጻፈው፣ ሌላ ማንም በማይጠቀምበት ሲስተም ላይ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ቤቱ ውስጥ አስፈላጊ ነው፤ ውጭ ሲወጣ ግን የሚያሳየው ነገር ያጣል። ብዙ ባንኮች በሚጠቀሙባቸው በቲ-24 ወይም በፍሌክስኪዩብ ሲስተሞች ላይ የሠራ ግን ሌላ ባንክም ውጭ አገርም የሚፈልገው ዕውቀት አለው። ጃቫ፣ ዳታቤዝ፣ ሊኑክስ፣ የክፍያ ሲስተም ትስስር የያዘም እንዲሁ። ለሁለቱም ሥራዎች «ከሁለት ዓመት በኋላ ሲቪዬ ላይ ምን ይጨመራል?» ብለው ሦስት ሦስት መስመር ይጻፉ። ለአሁኑ ሥራ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ ካቃተዎት፣ ደመወዙ ሳይዘገይ እየገባም፣ ሥራው ቢቋረጥ ሌላ የማያገኙበት አደጋ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው። በእኛ ግምት ከባንክ የሚለቁ ጎበዝ ልጆች በጣም ትክክለኛው ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ከደመወዙ ይልቅ።

7. ቀኑን ይምረጡና በሥርዓት ይውጡ

ወሩን በጥንቃቄ ይወስኑ። የባንክ የሒሳብ ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ቦነሱ የሚታወቀው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። በግንቦት የለቀቀ የዓመት ልፋቱን ጥሎ ሊወጣ ይችላል። ኅብረት ስምምነቱ ቦነስ የሚያገኘው «በክፍያው ቀን በሥራ ላይ ያለ» ወይም «ዓመቱን ያገለገለ» ይል እንደሆነ ይዩ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አዲሱን ውል በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ይያዙ፤ የሚጀመርበት ቀን ከዛሬ ቢያንስ 40 ቀን ይራቅ። ቀጥሎ የሥልጠና ግዴታ ፈርመው ከሆነ ቀሪውን ወርና ገንዘብ ከሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንዳንድ አዲስ አሠሪ ይህን ሊከፍልልዎት ይስማማል፣ ካልጠየቁት ግን አያነሣውም። ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ከሆነ ወይም ሌላ ለእርስዎ ዋስ ከሆነ ይህንንም አሁን ይጨርሱ። ከዚያ መልቀቂያውን ቀን ጽፈው ያስገቡ፤ ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን ወይም የመዝገብ ቤት ማኅተም ይቀበሉ። ሕጉ ከሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ሳይሰጡ ቢወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ክሊራንሱ መንዛዛቱ ነው።

በሠላሳው ቀን ውስጥ ያለዎትን ሥራ በጽሑፍ ያስረክቡ፦ የሰርቨር ይለፍ ቃሎች፣ የኮድ ማከማቻ፣ ሌሊት በራሳቸው የሚሄዱ የሲስተም (ባች) ሥራዎች ዝርዝር፣ የአቅራቢዎች ስልክ። ከሦስት ወር በኋላ ስለ እርስዎ የሚጠየቀው አለቃ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ላፕቶፕ፣ መታወቂያና ቶክን ሲያስረክቡ እያንዳንዱን ያስፈርሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ ዘመኑንና ደመወዙን ይግለጽ፤ «አይቲ ኦፊሰር» ብቻ ከተጻፈ ሶፍትዌር ማልማትዎን እንዲጨምሩ ይጠይቁ፤ ውጭ አገር ሲያመለክቱ የሚታየው እሱ ነው።

የመጨረሻ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ፈቃድና ሌላ የሚገባዎት ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ በመጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁና ኮፒውን ይያዙ። ወደ ክስ ከሄደ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁ ብሎ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠይቅ ደግሞ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው።